ከተነሳች ይወስዳታል

«ከተነሳች ነድቼ እወስዳታለሁ፤ ካልተነሳች እንግዲህ ልብሷን ታስጣባት» አለ ሴምቤራ። ያለው ለእኔ ነው፣ ስለ ሞተሯ። የሟች ወንድሙ ሚስት ናቦሳ ግን ሁለት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ሳፋ ፊት ተቀምጣ ለምሳ የሚሆነውን ማቶኬ፣ የሚቀቀለውን አረንጓዴ ሙዝ፣ እየላጠች ነበር፤ ቢላዋ ለአፍታም አልቆመም። እኔም ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ የመፍቻ ሳጥኔን ከፈትኩ። ሰው ቤት ለሥራ የተጠራ ባለሙያ መጀመሪያ መማር ያለበት ጆሮውን ቤቱ ትቶ መሄድን ነው። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሞተር ሳይክል ሽቦ ስፈታ ስገጥም ኖሬ ይህቺን ነገር እስከ ዛሬ አልተማርኳትም።

ሰፈራችንን ናቴቴን የሚያውቅ የናቦሳን ባል ካሉሌን ያውቀዋል። ከታክሲ መናኸሪያው ጀርባ ሞተረኞች የሚቆሙበት ማዕዘን ላይ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው አመላልሷል። ትኩሳት ይዞት በአራት ቀን ከሞተ ሦስት ወሩ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ገጠር ድረስ ወርደን የሐዘን መዝጊያውን አደረግን፤ ሽማግሌዎቹ ሴምቤራን ከዛፍ ልጥ የተሠራውን ጨርቅ አልብሰው፣ ጦር አስጨብጠው፣ ወራሽ አንተ ነህ አሉት። ጥሩ። ወራሽ ማለት እኔ በማውቀው የሟችን ልጅ የሚያሳድግ፣ ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ነው። ለሴምቤራ የገባው ግን ሌላ ነው። ሰኞ መጥቶ ቴሌቪዥኑን ጭኖ ሄደ፤ ዛሬ ሐሙስ ደግሞ ለሞተሯ መጣ። ሕግ አለ ይላሉ። አለ! ግን የባሏን ዘመዶች ከስሳ ነገ ልጇ ስትታመም የማንን በር ልታንኳኳ ነው? እሷ ሲከፋት የት ልትገባ ነው? ሕጉን የጻፉት ሰዎች ይህቺን አልጻፉልንም።

ሞተሯ ብትቀርላት ናቦሳ ምን እንደምታደርግባት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ካሉሌ ይቆምበት ከነበረው ማዕዘን አንድ ሞተረኛ እየነዳ በየሳምንቱ ገንዘብ ሊያስገባላት ተስማምቶ ነበር። በዚያች ገንዘብ የዚህችን የአንዲት ክፍል ኪራይ፣ መቶ ሃምሳ ሺህ ሽልንግ፣ ትከፍላለች፤ ልጇ ናንዚሪም ከትምህርት ቤት አትባረርም። ሞተሯ ከሄደች ግን እናትና ልጅ ጓዛቸውን ሸክፈው ወደ ገጠር፣ እዚያው ወደ ሴምቤራ ግቢ ነው። ሴምቤራ ሁለት ሚስቶች አሉት። ሦስተኛ ሆና እንደምትገባ አንድም ሰው በአፉ አልተናገረም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል፣ እሷም ታውቀዋለች። ሰውዬው ደግሞ ቀኑ ሳይመሽ አገሩ ማሳካ መድረስ አለበት። ለአሮጌ ብረት ፒክአፕ የሚከራይ ዓይነት አይደለም፤ ካልተነሳች ጥሏት ይሄዳል፤ ከሄደ ደግሞ እስከ ገና አይመለስም። ይህንን ሁሉ አውቄ ነው እንግዲህ እጅጌዬን የሰበሰብኩት። ሠላሳ ሺህ ሽልንግ ተስማምተናል፣ ሰው ደግሞ በሥራው ነው የሚኖረው።

ሞተሯ በረንዳው ጥግ፣ ላስቲክ ለብሳ ቆማለች። የህንድ ሥሪት ናት፣ አስራ ስምንት ዓመቷ፤ ካሉሌ ሦስተኛ ባለቤቷ ነበር። ላስቲኩን ስገልጥ ሳቄም መጣ፣ እንባዬም መጣ። ካሉሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሽቦ ሲያይ እጁን የሚበላው ሰው ነበር። የስልክ መሙያ ጨምሮባታል፤ ከጭቃ መከላከያው ሥር ሰማያዊ መብራት አስሮላታል፤ ሲጫኑት የሚዘፍን ክላክስ ሳይቀር ገጥሞላታል። ሁሉንም በራሱ እጅ ነው የቀጠለው፣ አንዱን በፕላስተር፣ አንዱን በፌስታል፣ አንዱን ደግሞ በማስቲካ ወረቀት። «አንተ ሰውዬ፣ ለምን እኔን አትጠራም?» ስለው «ጋሽ ሙቱምባ፣ አንተ ስትነካት ሽቦዋ ይስተካከላል፣ የእኔ ኪስ ግን ይዛባል» እያለ ይስቅብኝ ነበር። መቀመጫዋን ሳነሳ ሽቦው እንደተቀደደ ፍራሽ ተዘርግፎ ወጣ።

አሮጌ ሞተር ላይ የኤሌክትሪክ ችግር ሲፈለግ ዝም ብሎ መጎርጎር የለም። ከባትሪ ትጀምራለህ፣ አንድ በአንድ እያጠራህ ወደ ካንዴላው ትሄዳለህ። ባትሪዋ ሞታለች፤ ጫፎቿ ላይ ነጭ ዱቄት በቅሏል። የራሴን ባትሪ አገናኘሁ። የፊውዙ ቤት አረንጓዴ ዝገት በልቶታል፤ በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው ሽቦ ብሎኑ ሥር ሆኖ በዝገት ተለያይቷል፤ ፈትቼ፣ ብረቱ እስኪያብለጨልጭ ፍቄ፣ መልሼ አሰርኩት። ቁልፉን ስከፍት አረንጓዴዋ መብራት በራች። ደስ አለኝ፤ ክላክሱን ተጫንኩት፤ ያ የካሉሌ ዘፈን ግቢውን ሞላው። የጎረቤት ሴቶች በየበራቸው ብቅ አሉ። የናቦሳ ቢላዋ ከእጇ ወደቀ። ከሦስት ወር በፊት በየምሽቱ ያ ድምፅ ሲሰማ ባሏ ገባ ማለት ነበር፤ እኔ ደንቆሮው ይህንን ማሰብ ነበረብኝ።

«ይኸው! ነፍስ አላት!» አለ ሴምቤራ፣ እጁን እያሻሸ።

ነፍስስ የላትም። ብረግጥ ብረግጥ ወይ ፍንክች። ካንዴላውን ነቅዬ ሲሊንደሩ ላይ አስደግፌ ረገጥኩ፤ ብልጭታ የሚባል ነገር የለም። መሪዋን ቀኝና ግራ እያዞርኩ አንገቷ ላይ የሚታጠፉትን ሽቦዎች ዳበስኳቸው፤ እዚያ ቦታ ሽቦ ቆዳው ደህና መስሎ ውስጡ ይበጠሳል፣ ስንቱን ሞተረኛ አሳብዷል። አንድ የተበጠሰ አገኘሁ፤ የፍሬን መብራት ሆኖ አረፈው። ቀጠልኩት። ለካንዴላው ብልጭታ የሚሰጠውን ትልቁን ኮይል ለካሁ፣ ደህና ነው። ብልጭታውን የምታዝዘውን ጥቁር ሳጥን ይዤ በመጣሁት መለዋወጫ ለወጥኳት፣ ለውጥ የለም። ከዚያ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ያለችውን፣ ብልጭታው መቼ ይሁን የምትለውን ትንሿን ኮይል፣ ከነዳጅ ታንኩ ሥር ካለው መጋጠሚያ ላይ ለካኋት። ቴስተሬ ምንም አላሳየኝም፤ መስመሩ የሆነ ቦታ ተቋርጧል።

በዚህ መሀል ናቦሳ ልጣጩን ልትደፋ ስታልፍ አጠገቤ ቆመች። ሴምቤራ ከበሩ ውጭ ስልክ እያወራ ነበር። «ጋሽ ሙቱምባ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «አሮጌ ናት እኮ። የናንዚሪ አባትም ራሱ ስንት ቀን ታግሏት አቅቶት ነበር። ይቅርብህ፣ አትድከም።» ይህን ስትለኝ ምን ይሰማኛል? ማዘን ነበረብኝ፣ መረዳት ነበረብኝ። እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራ ሰው የልጣጭ ሳፋ በያዘች በአንዲት ሴት «አይሆንልህም» ሲባል! «የናንዚሪ እናት፣ እኔን የሚያቅተኝ ሞተር ገና ከህንድ አልተጫነም» አልኳት። አየችኝ፤ ሌላ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፣ ሴምቤራ ስልኩን ዘጋ፤ እሷም ሳፋዋን ይዛ ሄደች።

ምሳ ስትል ሦስታችንም ገባን። ክፍሏን በመጋረጃ ከፍለዋታል፤ ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ፣ ከወዲህ አንድ ወንበርና ሰሌን። ቴሌቪዥኑ የነበረበት ግድግዳ ከሌላው ነጣ ብሎ አራት ማዕዘኑ ታትሞ ቀርቷል፣ ከሥሩ የማያገለግል ሽቦ ተንጠልጥሏል። ሴምቤራ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱን ለነጣው ግድግዳ ሰጥቶ በላ፤ አንዴም ቀና ብሎ አላየውም። ማቶኬው በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ፣ የለውዙ ወጥ ወፍራም፣ ለእኔ ደግሞ ከሴምቤራ የበለጠ ነው የተጨለፈልኝ። ያኔም አልገባኝም፤ ሙያዬን አክብራ መሰለኝ! ግማሽ ሰዓት ሙሉ የተነገረው ሁለት ቃል ነው። «ጨው አነሰው» አለ እሱ፤ ተነስታ አመጣችለት። ስትዘረጋለት ጨው ሰሌኑ ላይ ፈሰሰ፤ በመዳፏ ሰብስባ አነሳችው።

እዚያች ላይ ምን እያደረግሁ ነው አልኩ። ይህቺ ሴት ነገ ልጇን ይዛ ከዚህ ሰውዬ ደጃፍ ልትወድቅ እኔ ካንዴላ እጠርጋለሁ? ወጥቼ እጄን በጨርቅ ጠረግሁና እቅጩን ነገርኩት። «ሴምቤራ፣ ሞታለች። ሆዷ ውስጥ ያለችው ኮይል ተቃጥላለች። የዚህች ዓይነት አሮጌ ደግሞ ኪሴካ ገበያ ቢዞሩ አይገኝም።» ውሸት ነው ለማለት አይቻልም፤ እውነትም አይደለም። ኮይሏ መቃጠሏን የሚያረጋግጠው ሽቦው ከሞተሩ ሆድ በሚወጣበት ቦታ ላይ ሲለካ ነው፤ እኔ ደግሞ እዚያ አልለካሁም። ሆን ብዬ ነው ያልለካሁት። በሕይወቴ ሥራ አጋምሼ ስተው የመጀመሪያዬ ነበር፣ እናም ቀለል አለኝ። ናቦሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ዓይኗን ጨፍና ስትተነፍስ አየኋት። እዚያ ላይ ሳጥኔን ዘግቼ ብሄድ ኖሮ!

ሴምቤራ አልተናደደም፤ ቢናደድ በተሻለ። ሳቀ። «አይ ሽማግሌው፣ ደክሞሃል። የማዕዘኑ ልጆች ሱላ የሚባል አለ ብለውኛል፤ እሱን እጠራለሁ» ብሎ ስልኩን አወጣ።

ሱላ! እኔ ያስተማርኩት፣ ቴስተር መያዝ እንኳ ከእኔ የለመደ! እዚህ ላይ የእኛን ሙያ ሰዎች አመል ማወቅ ያስፈልጋል። አንተ የሳትከውን ብልሽት ከአንተ በኋላ የመጣ ሰው ካገኘው፣ ማዕዘኑ ሁሉ በዚያ ብልሽት ስም ይጠራሃል፣ እስክትሞት። አንድ ሙኬራ የሚባል ጓደኛ ነበረን፤ አንድ ቀን የተቃጠለ ፊውዝ ሳያይ ቀርቶ ሙሉ ሽቦ ቀይር ብሎ አንዱን አከሰረው። ከዚያ በኋላ ስሙ ፊውዝ ሆነ። ሚስቱም ፊውዝ ትለዋለች። ስንቀብረው ቄሱ «ወንድማችን ፊውዝ» ብለው ጀምረው ነው የታረሙት፣ እኛም በመቃብሩ ላይ ሳቅን። እኔ እንደዚያ አልቀበርም ብዬ ለራሴ ከማልኩ ዘመን ሆኖኛል።

«ስልኩን ዝጋው» አልኩት። «አንድ ሰዓት ስጠኝ።»

ናቦሳ በሩ ላይ «ጋሼ...» አለች። ዞሬም አላየኋት።

ተንበርክኬ ሽቦው ከሞተሩ በሚወጣበት ላይ ለካሁ። ኮይሏ ደህና ናት! ቁጥሩ ልክ እንደ አዲስ። ስለዚህ ችግሩ ከሞተሩ እስከ መጋጠሚያው ባለችው አንድ ክንድ ሽቦ ላይ ነው ማለት ነው። ልቤ መምታት ጀመረ፤ የሙያ ነገር ሆኖ እንዲህ ሲሆን ሌላው ዓለም ከጆሮዬ ይጠፋል። ሽቦዎቹን ያሰረውን ፕላስተር በምላጭ ገለጥኩት። ከሥሩ ያለችው ሽቦ ቀለሟ ከፋብሪካው ትንሽ ይለያል፤ ፋብሪካው ያሰራት አረንጓዴ ደብዛዛ ናት፣ ይህቺ ግን ደማቅ ናት። ተቆርጣ ተቀጥላለች። ስከተላት ስከተላት በአየር ማጣሪያው ቤት ጀርባ ዞረች፣ ከመቀመጫው ሥር ሁለት ጣት ብቻ በሚያስገባ ክፍተት ውስጥ ገባች፤ እዚያ በብስክሌት ካላማዳሪ ቁራጭ የተሸፈነች፣ የጣቴን ጫፍ የምታክል ማጥፊያ አገኘሁ። ለሌባ ነው! ስንቱ ሞተረኛ እንዲህ ያደርጋል፤ የማያውቃት ሰው ዓመት ቢረግጥ አትነሳለትም። ካሉሌ በሕይወቱ ንጹሕ ሥራ የሠራው ይህችን ብቻ ነው። ቅጥሏ ግን በክር ተሰፍቷል፤ የልብስ ስፌት ክር ነው፣ እሱ ደግሞ መርፌ ይዞ አያውቅም።

የእጅ ባትሪዬን አበራሁ። በዚያ ክፍተት ውስጥ ያለው ሁሉ የሦስት ወር አቧራ ለብሷል። ማጥፊያዋ ግን ንጹሕ ናት፤ ዙሪያዋን አቧራው ላይ የሁለት ቀጫጭን ጣቶች ምልክት አለ፣ የዛሬ ጠዋት ምልክት።

ቀና ስል ናቦሳ በሩ ላይ ናት። አታለቅስም፣ አትለምንም፤ ብቻ ታየኛለች። ሴምቤራ ከጀርባዬ ስልኩን እየነካካ ነው፤ የት እንደደረስኩ አያውቅም። «ምንድን ነው? አገኘህ?» አለኝ። ለሚስቴ ያኔ ምንም አልገባኝም ነበር ብያታለሁ። ገብቶኛል። ሁሉም ነገር ገብቶኛል፤ ጠዋት ላይ ሰውዬው ሲመጣ አይታ እጇን አስገብታ እንደዘጋቻት፣ የለመነችኝ ስለ ሞተሯ እርጅና እንዳልነበረ፣ የለውዙ ወጥ ለምን እንደበዛልኝ። ሱላ ቢመጣ ማግኘቱ አይቀርም ነበር እያልኩም ራሴን ለማታለል ሞክሬያለሁ። ሱላ አያገኛትም። ሱላ ሙሉ ሽቦ ይቀየር ብሎ ሦስት መቶ ሺህ ይጠራ ነበር፣ ሴምቤራም ተራግሞ በታክሲ ይሄድ ነበር። ይህችን ማጥፊያ ሊያገኛት የሚችል ሰው በናቴቴ አንድ ብቻ ነው፣ ይህንንም በሚገባ አውቅ ነበር። ምናልባት የፈረደባት ይሄው ማወቄ ሳይሆን አይቀርም።

«አገኘኋት» አልኩ። አውራ ጣቴ ማጥፊያዋን ገፋት። ቀጭ አለች።

በሁለተኛው ርግጫ ተነሳች። ጢሷ በረንዳውን ሞላው፣ ድምጿ ሞቅ አለ። እኔ ደግሞ፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ፣ «ተነሳች!» ብዬ ጮኼ አጨበጨብኩ። ማዕዘኑ ላይ የቆሙት ሞተረኞች ድምፁን አውቀውት ኖሮ እየሮጡ መጡ፤ አንዱ ጀርባዬን መታ፣ አንዱ «ሙቱምባ ሙት ያስነሳል!» አለ፤ ሁሉም ሳቁ። ሴምቤራ ሠላሳውን ሺህ ቆጥሮ አምስት ጨምሮልኝ ኪሴ ውስጥ ከተተው። ምን እንደነበር አሳየኝ አለ፤ ማጥፊያዋን አሳየሁት። «ጎበዝ ነበር ወንድሜ» አለና ወደ ናቦሳ ሳይዞር «ነገ ዓርብ መኪና እልካለሁ፣ ዕቃችሁን አዘጋጁ» ብሎ ሞተሯን እየነዳ ወጣ። ክላክሱን አንዴ አስዘፈነው። ሞተረኞቹም ተበተኑ።

እኔ ሳጥኔን መሰብሰብ አቃተኝ፤ በአንዱ መፍቻ ቦታ ሌላው ይገባል። ናቦሳ በጆግ ውሃና ሳሙና ይዛ መጣች። ፊቴ ተንበረከከች፣ ሴቶቻችን እንደሚንበረከኩት በሁለት ጉልበቷ፣ አንገቷን ደፍታ። «ጋሽ ሙቱምባ፣ ስለ ሠራኸው ሥራ እናመሰግናለን» አለችኝ። እኛ ዘንድ ይሄ ሰላምታ ነው፤ ሲሠራ ለዋለ ሰው ሁሉ፣ ጉድጓድ ለቆፈረም ሬሳ ለገነዘም ይባላል፣ ሳይባል አይታለፍም። መልሱም የታወቀ ነው። አንቺም ስለ ሠራሽው እናመሰግናለን ይባላል። አፌን ከፍቼ ልል አልኩ። እሷ ዛሬ የሠራችው ሥራ አንድ ነው፤ እሱንም ያፈረስኩባት እኔ ነኝ። እጄን ብቻ ዘረጋሁላት፣ እሷም ግሪሱ እስኪለቅ ድረስ ውሃውን አፈሰሰችልኝ።